በጨርቅ የተጠቀለለው ፊልትሮ

ጎረቤቴ ጋሽ ጆሮ መካኒክ ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከሚስቱና ከፈጣሪው በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ጆሮ የተባለው በማዳመጡ ነው። መኪና ይዘውለት ሲመጡ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «አስነሳው» ይላል። ከዚያ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚፈራ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል። ቆይቶ «ውሃ ፓምፑ ነው፤ እያለቀሰ ነው» ይላል። አንዳንዴ ይሳሳት ነበር። ሲሳሳት «ዛሬ ጆሮዬን ጉንፋን ይዞታል» ብሎ ይስቅና እንደገና ይጀምራል።

ይህን የምጽፈው እሱንና ሚስቱን አመስግኜ ስለማልጠግብ ነው። ልጄ ትንፋሽ ባጠራት ጊዜ ሆስፒታል ያደረሷት እነሱ ናቸው። ታሪኩ ግን ደስ የሚል አይደለም፤ ደስ እንዲል ብዬም አላጣፍጠውም።

መኪናቸው ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ሰማያዊ ቀለሟ ወደ አመድ የሄደ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ከባድ ሣጥን ድም የምትል የቤት መኪና ናት። ጋሽ ጆሮ «እሜቴ» ይላታል። ሚስቱ ደግሞ «ጣውንቴ»።

«ጣውንቴ ዛሬ ምን ተደረገላት?» ትለዋለች ማታ ማታ እጁን ሲታጠብ።

«ዘይት ቀየርኩላት።»

«ለእኔ ቅባት ከገዛህልኝ ስንት ጊዜህ ነው?»

«አንቺ መች ዝገሽ ታውቂያለሽ!»

ዳሽቦርዷ ላይ የዘይት ግፊት የሚያሳይ ክብ ጌጅ አለ። መርፌው ዜሮ ላይ እንደተኛ ቀርቷል። የሌላውን ሰው መኪና እስከ መጨረሻዋ አምፖል የሚጠግን ሰው የራሱን ጌጅ ለምን እንደማይሠራ ሲጠይቁት «ጌጅ ለደንቆሮ ነው፤ እኔ ጆሮ አለኝ» ይላል። ይህችን አባባል ሰፈሩ ሁሉ ይወዳታል። እኔም እወዳት ነበር።

ስለ ፊልትሮው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ሞተር ዘይቱን እያዞረ ይኖራል፤ ዘይቱ ቆሻሻ እንዳይዝ በማጣሪያ፣ በፊልትሮ ማለት ነው፣ ያልፋል። የዛሬው ማጣሪያ የታሸገ ጣሳ ነው፤ አሮጌውን ጠምዝዘህ ትፈታለህ፣ ትጥላለህ፣ አዲሱን በእጅህ ታጠብቃለህ፣ አለቀ። የእሜቴ ግን ከሞተሩ ጎን የተንጠለጠለ የብረት ኩባያ ነው። አንድ ረጅም ብሎን ሲፈታ ኩባያው ይወርዳል፤ ውስጡ ከታጣጠፈ ወረቀት የተሠራ፣ ሁለት ጫፉ በሙጫ የተያዘ ክብ ማጣሪያ አለ። ኩባያው ታጥቦ ይመለሳል፤ ወረቀቱ ብቻ ይለወጣል።

ጋሽ ጆሮ ጣሳዎቹን አይወድም። ምክንያት ነበረው። አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛውን ሞተር ተመሳስሎ የተሠራ ጣሳ በላው። በመጋዝ ሁለት ቦታ ከፍሎ ሲያየው ውስጡ ማጣሪያ ሳይሆን ተራ ካርቶን ነበር። ግማሹን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለመቀጣጫ ሰቀለው። የመጣ ሰው ሁሉ ያይና ይጠይቃል፤ እሱም «ከላይ ሲታይ ሙሽራ፣ ሲገለጥ ካርቶን» ይላል። ከዚያ በኋላ «የራሷን ካልሆነ እሜቴ አትቀምስም» ማለት ልማዱ ሆነ።

የራሷን የሚያመጣለት አንድ አሮጌ የመኪና ዕቃ መደብር ነበር። ባለመደብሩ አርጅቶ ሲዘጋ፣ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ሁለት ፊልትሮዎች ጠርቶ ሰጠው። ካርቶናቸው እንኳ አልተከፈተም። ጋሽ ጆሮ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ የቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጣቸው። «ለክፉ ቀን» አለ። ሌላ ሌላውን ከዚህም ከዚያም እየለቃቀመ ዓመታት አለፉ።

ክፉው ቀን መጣ፤ የመጣው ግን ለመኪናዋ አልነበረም። አንድ ጠዋት ጋሽ ጆሮ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ ጎኑ አልነበረም፤ ቃልም አልነበረውም። ራሱን ይነቀንቃል፣ በግራ ዓይኑ ይስቃል፣ ሁሉን ይሰማል። ፈጣሪ ጆሮውን ተወለት። እኔ ይህን ምሕረት ብዬው ነበር። ሚስቱ ግን አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች «ምነው ጆሮውን ወስዶ አፉን በተወለት፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል እኮ» ብላ አለቀሰች።

እውነቷን ነው። ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው ሁሉ በእሱ አናት ላይ ነበር የሚያወራው። «ይበላል?» «ይተኛል?» «አሁን ሰው ይለያል?» ይላሉ፣ እሱ መሀላቸው ተቀምጦ። እሷ ትቆጣለች። «ራሱ እዚሁ አለ አይደል! ምነው ግድግዳ አደረጋችሁት? ጠይቁት!» ትላለች። እሷ ራሷ ሁሉን ትጠይቀዋለች፤ የትኛውን ሸሚዝ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ፣ ጎረቤት ይግባ ወይስ ተኝቷል ይባል። እሱ ይነቀንቃል፣ እሷ ታደርጋለች። ከዕለታት አንድ ቀን እኔኑ «ተኝቷል» ብላ መለሰችኝ፤ በመስኮቱ ሳይ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር። አልተቀየምኩም።

ጋራዡን የያዘው ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሽ ጆሮ እጅ ላይ ያደገው መካኒክ ነው። ፍሬቻ ይሉታል። ሲጨነቅ ወይም ሲዋሽ ሁለቱም ዓይኖቹ እንደ መኪና ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ስለሚሉ ነው። አሁን የልጆች አባት ሆኗል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። የጋሽ ጆሮን ሚስት መኪና መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። የሕክምና ማሳጅና እንቅስቃሴ የሚሰጥበት ሆስፒታል ከዳገቱ በላይ ነውና ባሏን ማመላለስ ነበረባት፤ ቤቱም መተዳደር ነበረበት። ጸጉሯ ሸብቶ መሪ ጨበጠች። የመጀመሪያ ቀን የጎረቤት አጥር ላይ ወጣች። የአጥሩ ባለቤት ሊቆጣ ወጥቶ ጋሽ ጆሮን በግማሽ አፉ ከት ብሎ ሲስቅ ሲያየው፣ ቁጣውን ረስቶ አብሮ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያኔ ነው።

እየዋለ ሲያድር የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት፣ በሽተኛውን ሆስፒታል ማድረስ ሥራዋ ሆነ። እትዬ ሹፌር የተባለችው ያኔ ነው። እሱ ሁልጊዜ አጠገቧ ይቀመጣል። በግራ እጁ የሚነጋገሩበት ምልክት ነበራቸው። መዳፉን ዘርግቶ ዳሽቦርዱን መታ መታ ካደረገ «ቀስ በይ» ነው። አንድ ጣት ካነሳ «ማርሽ ቀይሪ»። ጡጫውን ጨብጦ ከደበደበ ግን «አሞኛል» ማለት ነው፤ ይህን ያመጡት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የአልጋውን ብረት እየደበደበ ሲጠራት ነው።

«ሦስት ቃል ለትዳር ይበቃል?» አልኳት አንድ ቀን።

«ድሮስ ከዚህ በላይ መች ያወራኝ ነበር?» አለችኝ። እሱ መዳፉን ጭኑ ላይ መታ መታ አደረገ። ቀስ በይ።

እንግዲህ የፊልትሮው ቀን መጣ። ዘይቱ ጠቁሯል፣ የተለቃቀመው ወረቀት አልቋል። ፍሬቻ በገበያው ዞሮ ዞሮ አጣ። እኔ ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ጆሮ መጽሐፍ የማነብለት ልማድ ነበረኝና ያን ቀንም ግቢያቸው ነበርኩ። ፍሬቻ ሲገባ ወደ እሱ አልመጣም፤ እሷን ወደ ውሃ በርሜሉ ዘወር አደረጋት። እንዳይሰማ ነው። ነገር ግን ከጋሽ ጆሮ የሚሸሸግ ሹክሹክታ የለም፤ አየሁት፣ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«እትዬ፣ ከብረት መያዣ ቀለበት አስቀርጬላታለሁ» አለ ፍሬቻ። «ኩባያው ይወጣና ቀለበቱ በሱ ቦታ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዘመናዊውን ጣሳ ነው የምናስረው። ደህናውን፣ ከማውቀው ሰው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን ይዞ የሚያስቀር ክዳንም አለው።»

«ቁም ሣጥኑ ላይ ያሉትስ? የራሷ ናቸው እኮ።»

«እሱን ነው የምፈራው። የተቀመጡበት ዘመን ራሱ ይበላቸዋል። ሙጫው ይደርቃል፣ ወረቀቱ ይሰባበራል።»

«ካርቶናቸው አልተከፈተም።»

«ያልተከፈተ መድኃኒትም ጊዜው ያልፍበታል፣ እትዬ።»

 እሱ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ዘመናዊውን ልሰርላት፤ ለጋሼ የራሷን ነው የገጠምነው እንበለው። ከወንበሩ ተነስቶ አያይ።» ይህን ሲል ዓይኖቹ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «በዚያ ፍሬቻህ ልትዋሸው? ገና አፍህን ሳትከፍት ወዴት እንደምትታጠፍ ያውቃል።»

«እሺ አንቺ ንገሪው።»

«እኔ?» አለች። «የሚያጥበው ሰው ነው፤ ሱሪውን የምታጠልቅለት እኔ ነኝ። የሚበላውን ሐኪም ይመርጥለታል። የቀረችው 'አንተስ ምን ትላለህ' የምትባለዋ ናት። እሷንም ልስረቀው?»

 እኔ መጽሐፉን ከፍቼ ይዤ አንዲት ቃል አላነበብኩም። ነገሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። መኪናዋ ከቆመች ሕክምናውም፣ የቤቱ መተዳደሪያም ይቆማል። ካልተጠየቀ ደግሞ ሰውየው ራሱ ይቆማል።

ጠየቀችው። በጨርቅ የተጠቀለለውን አውርዳ በአንዱ ጭኑ፣ ጣሳውንና ቀለበቱን በሌላው ጭኑ ላይ አስቀመጠች። ፍሬቻ የሚፈራውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። «እሱ እንዲህ ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?»

ፍሬቻም ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ የድሮውን ወረቀት አላምነውም» አለ። ያን ጊዜ ዓይኑ አልተርገበገበም።

ጋሽ ጆሮ ካርቶኑን እንድትከፍትለት አደረገ። ወረቀቱን በግራ እጁ ያዘ፣ አሸተተ፣ ጫን አደረገው። ወደ ጆሮው አስጠግቶ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ግራ እጁ ግን መካኒክ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ብሎን የፈታውና የመረመረው ቀኙ ነው፤ እሱ ደግሞ ጭኑ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተቀምጧል።  ከዚያ ጣሳውን በክንዱ ገፋው። ጣሳው ወድቆ በግቢው ድንጋይ ላይ እየተንከባለለ እስከ በሩ ሄደ።

«የራሷን?» አለችው።

ነቀነቀ።

«እሺ» አለች። ፍሬቻን ቀና ብላ አየችው። እሱ ዓይኖቹን እያርገበገበ ኩባያውን ሊያወርድ ሄደ። በደንብ አጠበው፤ የጎማ ቀለበቱን በአዲስ ቀየረ፤ ከሥራው የጎደለ ነገር አልነበረም። ሞተሩ ሲነሳ ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሞተሩ ደህና ነበር፤ እንደ ጠገበ ድመት። ግማሽ አፉ ፈገግ አለ። ያን ቀን የቀረበለትን ሁሉ በላ፤ ሚስቱ ስትመግበው ማንኪያውን ቀማትና ራሱ በላ። ያን ጊዜ «ተመስገን» ብዬ ነው ቤቴ የገባሁት።

መኪናዋ ለጥቂት ሳምንታት በደህና ሄደች። የቀረውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ደጋግማ ስለነገረችኝ አብሬያት የነበርኩ ይመስለኛል።

ጠዋት ነው፤ ልጆቹን አድርሳ ባሏን ለሕክምና እየወሰደች ነው። ዳገቱን እንደ ጀመሩ ጋሽ ጆሮ ራሱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረገ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ መታ መታ። ቀነሰች። እንደገና መታ መታ። አሁንም ቀነሰች፤ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ነፋባት። «ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ወደ ኋላ መሄዳችን ነው» አለችው። ለእሷ ሞተሩ ያው ሞተር ነው። እሱ ግን ከውስጡ የሚመጣ ማንኳኳት ሰምቷል፤ ዘይት ያጣ ብረት ብረትን ሲመታ። ጌጁ ቢሠራ ኖሮ መርፌው ሲወድቅ ታይ ነበር። መርፌው ግን እንደ ዘወትሩ ተኝቷል።

«አጥፊው» የሚል ምልክት አልነበራቸውም። አስፈልጓቸው አያውቅማ።

ስለዚህ ያለውን ተጠቀመ። ጡጫውን ጨብጦ ዳሽቦርዱን ደበደበ። የሚጮኸው ምልክቱ እሱ ነበር። ለእሷ ግን ጡጫ ማለት «አሞኛል» ነው። ዞር ብላ ስታየው ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ከጉሮሮው ቃል ያልሆነ ድምፅ ይወጣል። «ደረትህ ነው? አይዞህ! አይዞህ የኔ ጌታ፣ ደረስን!» ብላ ነዳጅ ሰጠቻት። እሜቴ ዳገቱን እያጓራች ወጣች። እሱ ይበልጥ ደበደበ፤ እሷ ይበልጥ ፈጠነች።

የመኪናዋ ቁልፍ የሚዞረው ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ነው። ጋሽ ጆሮ ጡጫውን ፈትቶ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ። እሷም እጇን የፈለገ መሰላት። በመንገድ ላይ ሊሞትባት እንደሆነ፣ እጇን ይዞ ሊሞት እንደፈለገ መሰላት። ከመሪው ላይ አንድ እጇን አንስታ እጁን ያዘችው። ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እሱ ሊያስለቅቅ ይታገላል፤ እሷ «አለሁ፣ አለሁ» ትላለች።

የሆስፒታሉ በር ሲታይ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ መዶሻ እንደወደቀ ያለ ነገር ተሰማ። ጎማዎቹ ሲጥ ብለው ቆሙ። ጭስ ወጣ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ በጸጥታውም ውስጥ ጋሽ ጆሮ እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣ፣ ወደ ቁልፉ ዘረጋ፣ አዙሮ አጠፋው።

«ያኔ ነው የገባኝ» አለችኝ። «ከሞተች በኋላ አጠፋት።»

ፍሬቻ ሞተሩን ሲፈታ የሞተሩ ጎን ተበስቶ አገኘው። የፊልትሮው ሙጫ ለቆ፣ ወረቀቱ ተቆራርጦ፣ ቁርጥራጩ ዘይት የሚያልፍበትን ቀዳዳ ዘግቶት ነበር። ኩባያውን ከነቆሻሻው ወደ ግቢው ይዞት መጣ። እንደዚያ ቀን አክብሬው አላውቅም፤ «አላልኳችሁም?» የምትለዋን ቃል ከነጭራሹ ከአፉ አላወጣትም። ኩባያውን ጋሽ ጆሮ ጭን ላይ አስቀምጦለት ራቅ ብሎ ቆመ፣ ዓይኖቹ እየተርገበገቡ።

ጋሽ ጆሮ ጣቶቹን ከተተ። ጥቁሩን ዝቃጭ በጣቶቹ መሀል አሸው። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ አመለከተ።

«ሁለተኛውን?» አለች ሚስቱ። «ተወው ይቅርብህ።»

አመለከተ። አመጣችለት። ጨርቁን ፈታ፣ ካርቶኑን በጥርሱ ቀደደ፣ ወረቀቱን በጉልበቱና በወንበሩ ክንድ መሀል አጣብቆ ጫፉን ጠመዘዘው። ጫፉ ምንም ሳያስቸግር ወጣና እጁ ላይ ቀረ። የደረቀው ሙጫ እንደ አሸዋ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ክፉው ቀን ራሱ ኖሯል።

ጡጫውን ጨብጦ ደረቱን መታ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እሷ ተንበርክካ ጭኑን ከሙጫው እያራገፈች «አዎ፣ አሞሃል። አውቃለሁ። እኔንም አሞኛል» አለችው።  እኔ ወደ ቤቴ ሄጄ ጸለይኩ፤ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ግን አላውቅም።

ከቀናት በኋላ ፍሬቻ የሌላ መኪና ሞተር ይገባላት እንደሆነ ሊለካ መጣ። ብረቷን መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ነገራት። እሷ ወደ ባሏ ዞረች። «ትቆረጥ ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?»

ፍሬቻ አላመነም። «አሁንም ትጠይቂዋለሽ፣ እትዬ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ሚስቱ ነኝ እኮ።»

ጋሽ ጆሮ ረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ፍሬቻ አመለከተ።

«እኔን? እኔ ልወስን?» አለ ፍሬቻ።

ነቀነቀ። ፍሬቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ።

ደከመ፣ ሞከረ፤ አልሆነም። የሚገባ ሞተር አልተገኘም። በመጨረሻ አሮጌ መኪኖችን የሚሰበስብ ሰው ለአካሏ ሲል ወሰዳት። በጭነት መኪና ጭነው ሲሄዱ ጋሽ ጆሮ በተሽከርካሪ ወንበሩ በሩ ላይ ነበር። ጭነት መኪናው መታጠፊያው ላይ ሲያቃስት አንድ ጣቱን አነሳ። ማርሽ ቀይር። ሹፌሩ አላየውም፤ እኛ አየን።

እትዬ ሹፌር አሁን በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። እኔ ይህን ፈጣሪ የከፈተው በር እለዋለሁ። እሷ «አዎ፣ በእንፋሎት የተሞላ በር» ትለኛለች። ባሏን በወንበሩ እየገፋች ዳገቱን ትወጣለች፤ ዝናብ ሲሆን ይቀራሉ፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ሕክምናው እየተቆራረጠ ደህናው እጁም ደክሟል። መጀመሪያ ጡጫው አልጨበጥ አለ። ቀጥሎ ጣቱ። መዳፉ ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ላግዛት አብሬ እየገፋሁ፣ ያን ቀን በመጠየቋ ትጸጸት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆማ አሰበች።

«በጌጁ እጸጸታለሁ» አለች። «በጌጁ ሁልጊዜ እጸጸታለሁ። ሁላችንም እየሳቅን ተኝቶ ቀረ። በመጠየቄ ግን አልጸጸትም።»

ልክ ትሁን አትሁን አላውቅም። ብዙ አንብቤያለሁ፣ ይህን የሚፈታ ገጽ አላገኘሁም። ሰው ሰውን ሲያከብር ማየቴን ግን አመሰግናለሁ፤ ዋጋው ይህን ያህል ቢሆንም።

ከዳገቱ አናት ሲደርሱ መንገዱ ወደ ሆስፒታሉ በር ይወርዳል። እሷ ወንበሩን ይዛ ጎንበስ ትላለች። ጣቱ ስለማይነሳ አሁን ማርሹን የምትነግረው እሷ ናት።

«ሦስተኛ ገባሁልህ» ትለዋለች በጆሮው። «አሁን አራተኛ።»

እሱም መዳፉን በወንበሩ ክንድ ላይ መታ መታ ያደርጋል። ቀስ በይ።